የሰኔ ጥላ

ዮርዳኖስን ያገኛት ዘበኛው ሱፍዋን ነው። ያሰሩትም እሱኑ ነው።

ሐሙስ ሰኔ አሥራ ሁለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ባለው የፀሐይ ኃይል ናሙናዎች መፈተሻ ጣቢያ ውስጥ፣ የዕቃ ክፍሉን መቀርቀሪያ ከውጭ ሲከፍት ልጅቱ ወለሉ ላይ በደረቷ ተደፍታ ነበር። ገብቶ ጎተታት። ራሱን አዙሮት ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ሁለት ጊዜ ተነሣ፤ አውጥቶ ዛፍ ሥር አስተኛት። አልቃ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ከዚያ ፖሊስ መጣና የክፍሉ ቁልፍ በማን እጅ ነው አለ፤ በሱፍዋን ተባለ፤ በቃ። ዘበኛ ነው፣ ድሃ ነው፣ ቁልፍ ይዟል፤ ሌላ ምን ይፈለጋል? ይህን ባወራሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። እንደ ምንም ችዬ ልቀጥል።

ኢንስፔክተር ሰገነት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከደብረ ብርሃን ተላከች። የጣርማ በርን ዋሻ አልፋ ቁልቁል ስትወርድ ጃኬቷን አወለቀች፤ ሮቢት ስትደርስ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ነበር። የማጀቴ ልጅ ስለሆነች ሙቀቱ ብርቅ አልሆነባትም። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አንዲት ሴት ባዶ ምሳ ዕቃ ታቅፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«ማንን ነው የምትጠብቂው?»

«ባለቤቴን፣ ሱፍዋንን። ሩቅያ እባላለሁ። ምግቡን ተቀበሉኝ፤ እሱን ግን አላሳዩኝም። ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል አሉ። ወላሂ እትዬ፣ ሰው የሚገድል ሰው አይደለም። አንዴ ገዳይ ተብሎ ከተጻፈ ማን ይሰማዋል?»

«እስከ ሰኞ እዚሁ ነኝ» አለች ሰገነት። ከዚህ በላይ ቃል አልገባችላትም።

ሳጅን ዮሴፍ ፋይሉን አቅርቦ ወንበሩን ደገፍ አለ። ጠግቦ የበላ ሰው ይመስል ነበር።

«ያለቀ ጉዳይ ነው ኢንስፔክተር። ሐኪሙ አየር አጥታ ነው የሞተችው ብሏል። በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል። የክፍሉ ቁልፍ የዘበኛው ነው። ደግሞ ምስክር አለን፤ በዚያ ላይ ሳይንስ አለን።»

«ምስክሩን አምጣ።»

ምስክሯ የጣቢያው የጽዳት ሠራተኛ ሐጂራ ናት። ቃሏ ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ «ምሳ ሰዓት ላይ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ሆኜ ጥላ ሲያልፍ አይቻለሁ። ሰውየውን አላየሁም።»

«ሳይንሱስ?»

ሳይንሱ የማሽን ግራፍ ነበር። ግቢው መካከል ፀሐይ ላይ የተዘረጉት ናሙናዎች የሚሰጡት ኤሌክትሪክ በየሰከንዱ ይመዘገባል። ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ከአርባ ላይ ናሙናዎቹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተራ በተራ ጨልመዋል፤ ስድስት ከሃምሳ ሁለት ላይ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ። የጣቢያው የኮምፒውተር ባለሙያ ክንፈ ከሥሩ እንዲህ ብሎ ፈርሟል፦ «ጥላ ወደ ሰሜን ስለሚወድቅ ናሙናዎቹን ሊያጨልም የሚችለው ከመደርደሪያው በስተደቡብ ባለው የጥበቃ መንገድ ያለፈ ሰው ብቻ ነው።»

ሰገነት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ሱፍዋንን ምን ጠየቃችሁት?»

«ለምን ገደልካት አልነው።»

«ሌላስ?»

ሳጅኑ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሌላ ነገር አልጠየቁትም። ሦስት ቀን አስረውት ሌላ ነገር አልጠየቁትም።

ጣቢያው በግንብ የታጠረ ጠባብ ግቢ ነው። በስተሰሜን ቢሮው፣ በስተደቡብ በሩና የሱፍዋን ቆርቆሮ ቤት፣ በስተምዕራብ የዕቃ ክፍሉ። መካከሉ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ጉልበት የማይደርስ መደርደሪያ ተዘርግቶ ናሙናዎቹ፣ አሥራ ሁለት ስስ ኤሌክትሪክ አመንጪ የፀሐይ ሽፋኖች፣ ተሰጥተውበታል፤ እያንዳንዱ ስፋቱ ስንዝር፣ ውፍረቱ ከጋዜጣ የማይበልጥ። ከመደርደሪያው በዚህም በዚያም ወደ ዕቃ ክፍሉ የሚወስድ መንገድ አለ፤ የሰሜኑ ከቢሮው፣ የደቡቡ ከዘበኛው ቤት።

የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር መሳፍንት ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ አስረዳት።

«ሽፋኑ የጫማ ካርቶን ለምታህል ሳተላይት ነው። ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል ትዞራለች፤ አንዴ በሚያነድ ፀሐይ፣ አንዴ አጥንት በሚሰብር ብርድ። እኛ እዚህ ሽፋኑን እናግለዋለን፣ እናቀዘቅዘዋለን፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ አውጥተን ምን ያህል ኃይል እንደቀረው እንለካለን።»

«የዮርዳኖስ ሥራ ምን ነበር?»

«መለካት። ከዚያ ደህና ነው ብሎ መፈረም።»

«ፈረመች?»

«አልፈረመችም።»

«ሐሙስ ጠዋት ጮኸውባታል አሉ።»

«ጮኼባታለሁ» አለ። «የበላዮቼ በየቀኑ ይደውላሉ፤ ወረቀቱ የት አለ ይሉኛል። እሷ ደግሞ ሽፋኑ አይረባም ትለኛለች። ምን ላድርግ?»

«ምሳ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ ውስጥ። ተኝቼ።» ይህን ሲል ዓይኑ የወረቀት ጫፍ ወደ ወጣበት የጠረጴዛው መሳቢያ ሸሸ። ሰገነት አየችው፤ ማስታወሻዋ ላይ አሰፈረችው።

ክንፈ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀስ ብሎ የሚያወራ፣ ዓይኑ በለቅሶ የቀላ ልጅ ነው። ከወንበሩ ተነሥቶ ውኃ ቀዳላት። ግቢውን ላሳይዎት ብሎ ሲወጣ ከቢሮው በር ጀርባ የተንጠለጠለውን ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ አወረደና ለሃያ እርምጃ ዘረጋው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ኢንስፔክተር፤ የደጋ ልጅ ነኝ፤ ይህ ፀሐይ ያመኛል። ይስቁብኛል።»

«ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ከአምስት ተኩል እስከ ስምንት ከወንበሬ አልተነሣሁም። ኮምፒውተሩን እያደስኩ ነበር፤ ሰው እንዳይረብሸኝ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ነበር።»

«ዮርዳኖስ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?»

«ያልተፈተሹትን የመጀመሪያ ሽፋኖች ልታመጣ፤ ከእነዚህ ጋር ልታስተያያቸው።»

«ነግራህ ነበር?»

ጃንጥላውን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ። «አዎ። ምንም አትደብቀኝም ነበር። እንደ እህቴ ናት።» ዓይኑን ጠረገ።

«እውነት ሽፋኑ አይረባም?»

«ኧረ ደህና ነው። ከመቶ ዘጠና አምስት እጅ ኃይሉ አለ፤ መዝገቡን ያየ ሰው ያውቀዋል። ዮርዲ ጠርጣራ ነበረች፤ ነፍሷን ይማር።»

የዕቃ ክፍሉ መስኮት የለውም። ከሰሜኑ ግድግዳ ውጭ ትልቅ የጋዝ ሲሊንደር ቆሟል፤ ቱቦው ግድግዳውን በስቶ ይገባል።

«ናይትሮጂን ነው» አለ ክንፈ። «ሽፋኑን እርጥበት እንዳያበላሸው ውስጥ ባለው የብረት ሳጥን እንሞላዋለን። ሽታም ቀለምም የለውም።»

ሰገነት ብቻዋን ገባች። ቱቦው ከብረት ሳጥኑ ተፈቶ ጫፉ ወደ ክፍሉ ዞሯል። ሲሊንደሩ ከተከፈተ ጋዙ የሚሞላው ሳጥኑን ሳይሆን ክፍሉን ነው፤ ውስጥ ያለ ሰው ምንም ሳይሸተው እግሩ ይከዳዋል። የቱቦውን ብሎን የፈታ ሰው በመፍቻ ነው የፈታው። ለካስ ነገሩ ድንገት ቱግ ብሎ የመጣ ጠብ አልነበረም፤ ጠዋት ተዘጋጅቶለት ነበር።

ሐጂራ የአርጎባ እናት ናት፤ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ተቀምጣ መስታወት ታጥባለች። ሰገነት አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እትዬ ሐጂራ፣ ስለዚያ ጥላ ይንገሩኝ።»

«ምን እነግርሻለሁ ልጄ፤ ከታንከሩ በላይ ጫፉ ብቻ ታየኝ። ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ።»

የሰገነት እስክሪብቶ ቆመ። «ከታንከሩ በላይ ነው ያሉት?»

«ከላይ ነዋ።»

«ይህን ለሳጅኑ ነግረውታል?»

«ልነግረው ስል ሰውየውን አየሽ ወይ አለኝ። አላየሁም አልኩ። በይ ተነሺ፣ ጥላ ማስረጃ አይሆንም አለኝ። ተነሣሁ። እሱ የተማረ ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ።»

ሰገነት ጥርሷን ነከሰች። አሮጊቷን ሳይሆን ሳጅኑን እያሰበች ነው።

«ሽፋኖቹን የሚያጥቧቸው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ሦስተኛው ግለት ላይ ዳርዳራቸው መላጥ ጀመረ። ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ ተልጠዋል። ለክንፈ አሳየሁት፤ ለማንም እንዳትነግሪ አለኝ። ዮርዳኖስ ግን ራሷ አየችው። አላህ ይዘንላት፤ ዓይን ነበራት።»

እሑድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም መደርደሪያው አጠገብ ተሰበሰቡ። ዶክተር መሳፍንት ባርኔጣውን ደፍቷል፤ ክንፈ ጃንጥላው ሥር ቆሟል፤ ሐጂራ እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች። ሱፍዋንን በካቴና አመጡት። ሩቅያ በሩ ላይ ቀረች፤ አስገቡኝ ብላ አልጠየቀችም፤ መጠየቅ የሚገባት እንኳ አልመሰላትም። ይህች አገር ሰው እንዲህ ታስለምዳለች።

«ሳጅን፣ በጥበቃው መንገድ እስከ ዕቃ ክፍሉ ሂድ» አለች ሰገነት።

ሄደ።

«ጥላህ የት ነው ያለው?»

ሳጅኑ እግሩ ሥር አየ። «በስተደቡብ፤ ወደ አጥሩ።»

«መደርደሪያው ላይ ወድቋል?»

«አልወደቀም።» አሁንም አየ። «ኧረ ጭራሽ ወደዚያ አይዞርም።»

«ዶክተር፣ ማሽኑ ምን ይላል?»

መሳፍንት በእጁ የያዘውን ሰሌዳ አየ። «ምንም። አንዱም አልቀነሰም።»

«አይቀንስማ። በሰኔ የሮቢት ፀሐይ የምትሄደው በሰሜን በኩል ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል። ሱፍዋን፣ በሰኔ ወንበርህን የት ነው የምታደርገው?»

«ከቤቷ በስተደቡብ፣ እትዬ። በታኅሣሥ ነው በስተሰሜን።»

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም። ሲያቃጥለኝ ዞርኩ።»

«ሲያቃጥለው ዞረ» አለች ሰገነት ወደ ሌሎቹ ዞራ። «ሦስት ዓመት እዚህ የተቀመጠ ሰው የሚያውቀውን የሚጠይቀው ጠፍቶ፣ ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል የሚል የተፈረመበት ወረቀት ይዛችሁ አስራችሁታል። ያ እዚህ የማይሠራ የሌላ አገር መጽሐፍ ነው። ሳጅን፣ አሁን ደግሞ በቢሮው መንገድ፣ በሰሜኑ ሂድ።»

ሳጅኑ ሄደ። ጥላው አጭር ሆኖ መደርደሪያው ላይ እየተሳበ አለፈ።

«አሁንስ ዶክተር?»

«ጨልሟል። አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ሽፋን በአንድ ጊዜ።»

«የሐሙሱስ?»

መሳፍንት ግራፉን ተቀብሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ፊቱ ተለወጠ። «አራት። በየደረሰበት አራት አራት በአንድ ጊዜ።»

«ሳጅን፣ አንተ ወፈር ያልክ ሰው ነህ፤ አራት ሽፋን ግን አልጋረድክም። እንግዲህ ሐሙስ ያለፈው ሰው ከቢሮው ነው የመጣው፤ ከሰው የሚሰፋ ነገርም ይዟል። እትዬ ሐጂራ፣ ከታንከሩ በላይ ያዩት ጥላ ምን ዓይነት ነበር?»

አሮጊቷ ሁሉንም በመገረም አየች። «ጥላ ነዋ። ሰው በእጁ ይዞት የሚሄደው። ያ ጥቁሩ።» ጣቷን ወደ ክንፈ ዘረጋች። «ያውላችሁ፤ አሁንም ይዞታል።»

ሁሉም ቀና ብለው ጃንጥላውን አዩ። የሐጂራ ሰፈር ሰው ጃንጥላን ጥላ ነው የሚለው፤ ሳጅኑም ቤቱ ሲገባ ጥላዬን አምጪልኝ ነው የሚለው። ቃሉን ሲጽፍ ግን መሬት ላይ የሚወድቀው ጥላ መሰለው፤ የማን ጥላ ብሎ ለመጠየቅ እንኳ አፉን አልከፈተም። አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች። ያችን ሳይጠይቅ ሰው አሰረ። ፊቱ ሲቀላ አላዘንኩለትም።

ክንፈ ጃንጥላውን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገው። «ኢንስፔክተር፣ ይህን ጥላ ማንም ሊያነሣው ይችላል። በሩ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።»

«ከበሩ ጀርባ። በሩን ደግሞ ከአምስት ተኩል እስከ ስምንት ከውስጥ ቆልፌው ነበር ብለኸኛል። ጥላው ካንተ ጋር ተቆልፎ ከነበረ ማን አወጣው?»

ክንፈ የጃንጥላውን እጀታ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ልቀጥል። ቱቦውን በመፍቻ የፈታው ሰው የብረት ሳጥኑን ያውቃል። ሱፍዋን በሩን ይከፍታል እንጂ ሳጥኑ አጠገብ እንዲደርስ አይፈቀድለትም። ዮርዳኖስ በምሳ ሰዓት እንደምትገባ የነገረችው ለአንተ ነው። ስድስት ከአርባ ላይ በሰሜኑ መንገድ ሄድክ። ቀረቀርክባት፤ ለመቀርቀር ቁልፍ አያስፈልግም፤ ጋዙን ከፈትክ። አሥራ ሁለት ደቂቃ እዚያ ቆመሃል። ከዚያ ጋዙን ዘግተህ ተመለስክ፤ ሰው ሳያውቅ ቀርቅሮባት ሙቀት የገደላት እንዲመስል። ሐኪሙ አየር አጥታ ነው ሲል ፈራህ። ፖሊሶቹ ሐጂራ ጥላ አየች ሲሉ ስህተታቸው ገባህ፤ ግራፉን ይዘህ መጣህና ስህተታቸው ላይ ሱፍዋንን አስቀመጥክበት።»

«ለምን ብዬ?» ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነው። «ሊያስፈርማት የሚጮኸው ዶክተሩ ነው።»

«ዶክተር፣ መሳቢያዎ ውስጥ ያለውን ወረቀት ያምጡ።»

መሳፍንት ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። ማታውን ሲያስብ አድሮ፣ ጠዋት ከመሳቢያው አውጥቶ፣ ለማንም ሳያሳይ ኪሱ ውስጥ ያቆየው ነው። «ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ የጻፍኩት ነው። ተኝቼ አልነበረም። ጠዋት ከጮህኩባት በኋላ ዮርዳኖስ አሳመነችኝ፤ የተላጡትን ሽፋኖች በዓይኔ አየኋቸው። ሽፋኑ ለሳተላይቷ አይሆንም፣ ያለፈው ዓመት ልኬት በሙሉ እንደገና ይመርመር ብዬ ጻፍኩ። ለክንፈ ጠዋት ነግሬው ነበር።» ድምፁ አነሰ። «አልላክሁትም። ሥራዬን ፈራሁ።»

«ሐሙስ ለፖሊስ ቢያሳዩት ኖሮ ይህ ሰው አንድ ሌሊት ታስሮ አያድርም ነበር። ይብላኝ ለሥራዎ» አለች ሰገነት። ከዚያ ወደ ክንፈ ዞረች። «አሥራ አንዱ ሽፋን ተልጧል፤ ያንተ መዝገብ ዘጠና አምስት እጅ ይላል። ልኬቱን ስትፈጥረው ነው የኖርከው። እንደገና ከተመረመረ ሁሉም ይወጣል። ያልተፈተሹት ሽፋኖች እጇ ከገቡ ደግሞ በአንድ ከሰዓት ታስተያያቸዋለች። እሷ ከሌለች ግን ዶክተሩ ፈርቶ እንደሚተወው ታውቅ ነበር።»

ክንፈ ጃንጥላውን መሬት ላይ አስቀመጠው። ፀሐዩ ናላው ላይ ወረደበት።

«ሁለት ዓመት ደክሜበታለሁ» አለ። «ትንሽ ነው ያስተካከልኩት፤ መጀመሪያ ትንሽ ነበር። የሚቀጥለው ሽፋን የተሻለ ይሆናል ብዬ ነው። እንድታልፈው ለመንኳት። አልቅሼ ለመንኳት። በእኔ ስም ውሸት ሰማይ አይወጣም አለችኝ።»

«እና ገደልካት።»

«ስሜ ይጠፋ ነበር።»

«የሱፍዋንስ ስም?» አለች ሰገነት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ አለ። «የእሱ ስም አይደለም? ሚስቱ ድንጋይ ላይ ስትውል አላየሃትም? በየቀኑ በሩን እየከፈተ እንደምን አደርክ የሚልህን ሰው ወረቀት ጽፈህ ስትቀብረው አልከበደህም?»

ክንፈ አንገቱን ደፋ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ስለ ሱፍዋን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስቦ አያውቅም ነበር። ለዮርዳኖስ ያለቀሰው ለቅሶ የእውነት ነው። ለዘበኛው ግን እንባም ጥላቻም አልነበረውም። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሳጅን ዮሴፍ ካቴናውን ከሱፍዋን እጅ አውልቆ ክንፈ እጅ ላይ አሰረው። ሩቅያን ማንም ሳይጠራት ገብታ ባሏ ጎን ቆመች። ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንኳን ደስ አለህ ሱፍዋን። ነፃ ነህ፤ ቤትህ ግባ።»

ሱፍዋን አልተንቀሳቀሰም። የእጁን አንጓ ያሻል።

«ደስ የሚለው ምኑ ነው?» አለ። «ልጅቱ ሞታለች።»

«እሱማ...»

«እናቷ ደብረ ሲና ትናንት ቀበረቻት አይደል? ጠባቂዎቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ማን ገደላት ብላችሁ ነው የነገራችኋት?»

ሳጅኑ ወደ ሰገነት ዞረ።

«እኔ ነኝ ያላችኋት። ስሜን ነግራችኋታል። ያቺ እናት ስሜን እየጠራች ስታለቅስ አድራለች፤ እኔ ነፃ ወጣሁ ብዬ እንዴት ቤቴ ገብቼ ምሳ እበላለሁ? መጀመሪያ እሷ ትስማ። ከዚያ ነው ነፃ የምትሉኝ።»

ሰገነት ስልኳን አወጣች፤ የእናትየዋን ቁጥር ከፋይሉ አውጥታ ደወለች። ማን እንደሆነች ተናገረች፤ ገዳዩ ሌላ ሰው መሆኑን፣ መያዙን፣ ማንነቱንም ተናገረች። ሱፍዋን ምንም እንዳላደረገ፣ እንዲያውም ከዚያ ክፍል ያወጣት እሱ እንደሆነ ቃል በቃል ነገረቻት።

«ልጁ እዚያ አለ?» አለች የዮርዳኖስ እናት።

ሰገነት ስልኩን ሰጠችው። ሱፍዋን በሁለት እጁ ያዘው።

«አቤት እናቴ፤ ሱፍዋን ነኝ።»

«ልጄ፣ ረግሜሃለሁ» አለችው። «ሬሳዋ አጠገብ ቆሜ፣ አገር እየሰማ ረግሜሃለሁ። ልጆችህን ጭምር።»

ሱፍዋን ሩቅያን አያት። ልጅ የላቸውም ገና፤ ነፍሰ ጡር ናት፤ አምስት ወሯ ነው።

«ይሁን እናቴ» አለ። «ማን እንደሆንኩ አላወቁማ።»

ሴትዮዋ አለቀሰች። እሱም ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ቆመ፤ ለቅሶዋን እስክትጨርስ ድረስ አልዘጋባትም።